ትራማዶል፦ ፋርማሲ ማጥበቅ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ ትራማዶል (ሲበዛ ትንፋሽ የሚያቆም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ብናጠብቅ ሞት ይቀንሳል?

መልስ 1፦ ብቻውን አይቀንስም። ፋርማሲ የተዘጋበት ሰው ወደ መንገድ ሻጭ ይዞራል፤ የዚያ እንክብል ይዘት ደግሞ አይታወቅም። መጀመሪያ ፋርማሲስቱን፣ ፖሊሱንና የባጃጅ ሹፌሩን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና የመድኃኒቱን መንገድ በቀስት ሳሉ፦ ማዘዣ፣ ፋርማሲ፣ መናኸሪያ፣ ድንገተኛ ክፍል። ቀስቱ ወደ ኋላ የሚዞርበት፣ ማለትም አንዱ እርምጃ ችግሩን መልሶ የሚያመጣበት ቦታ ላይ ነው ጉዱ።

መልስ 2፦ ከማረሚያ ቤት የሚወጡትንም ጨምሩበት። እዚያ ሳይወስዱ ቆይተው ሰውነታቸው መልመዱን ስለተወ የድሮው መጠን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

መልስ 3፦ መጠን ላለፈበት ሰው ናሎክሶን (እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶች ያፈኑትን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት) 0.4 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ትንፋሽ ካልተመለሰ በ2-3 ደቂቃ ይደገማል። ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ «ተሻለኝ» ያለውን ወዲያው አትሸኙት። ትራማዶል የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ ግን አያስቆምም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።