ትል ይከልከል ወይስ ይፈቀድ? (የዱር ትራውት ጅረት)

ባለዘንጉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የማጠምድበት ጅረት ላይ ትልና ሌላ የምግብ ማጥመጃ ሊከለከል ነው። የሚፈቀደው ሰው ሰራሽ ዝንብ (ከላባ የተሠራ) እና ሌላ ሰው ሰራሽ ማባበያ ብቻ ነው አሉ። ትራውቱ (የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው) እዚያው የሚራባ ነው፤ ከማራቢያ ገንዳ አምጥቶ የሚጨምር የለም። በቀን ሁለት ይዞ መሄድ ግን እንደተፈቀደ ይቀጥላል። ታዲያ እኔ ሁለት በትል፣ ሌላው ሁለት በዝንብ ቢይዝ ምን ለውጥ አለው?

ክር በጣሽ፦
ለውጡ ያለው ይዘህ በሄድከው ላይ ሳይሆን በለቀቅከው ላይ ነው። ዝንቡን ነክሶ ላባ መሆኑን ሲያውቅ ይተፋዋል፤ መንጠቆው ከንፈር ላይ ይቀራል። ትሉን ግን ይውጠዋል። ዋይዶስኪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ ተይዘው ከተለቀቁት መካከል በምግብ ከተያዙት 25 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ በዝንብ ከተያዙት 4 በመቶ ያህሉ። ልኩን (ይዞ ለመሄድ የተፈቀደውን መጠን) ያልሞሉ አራት ትንንሾች ስትለቅ አንዱ ሞተ ማለት ነው። ቦርሳህ ውስጥ ሁለት ነው፣ የገደልከው ሦስት።

የድሮ አጥማጅ፦
ልጄ፣ ቁጥሩን አልክድም። ግን ትል ሁሉ አንድ ዓይነት አይጠመድም። ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ወሬ የሚያወራ ሰው ዓሣው እስኪውጥ እየጠበቀ ነው። እኔ ክሩን ወጥሬ በጣቴ እይዛለሁ፤ ገና ነካ ሲያደርገው እስባለሁ፣ ብዙውን ጊዜ መንጋጋው ጥግ ላይ ይያዛል። ከዋጠው ደግሞ ከውሃ ሳላወጣ አፉን ከፈት አድርጌ አያለሁ። የመንጠቆው ጉብጠት ካልታየኝ ክሩን ከከንፈሩ ሥር ቆርጬ እለቀዋለሁ። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሙከራ ላይ መንጠቆው ከጉሮሯቸው የተጎተተባቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱ፤ ክሩ ተቆርጦ ከተተወላቸው ሲሶ ያህሉ ብቻ።

ደግሞስ ባለ ዝንቦቹ ንጹሕ ናቸው እንዴ? ሃምሳ ይዞ ሃምሳውንም የለቀቀ፣ በዚያው በ4 በመቶ ብታሰላው፣ ሁለት ገድሏል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍማ በምንም ያዘው በምን ትራውቱ ትንፋሽ ያጥረዋል። በሙቀት ሰዓት ጅረቱን ቢዘጉ ትል ከማሳደድ ይሻል ነበር።

ክር በጣሽ፦
የሙቀቱን ነገር እስማማለሁ። ግን ጋሼ፣ እርስዎ የሚያደርጉትን ስንቱ ያደርገዋል? ተቆጣጣሪው ሳጥን ከፍቶ ትል መኖሩን ማየት ይችላል፤ ክሩን መቼ እንደሳቡት በምን ያውቃል? ሁሉም የሚለቀቅበት ጅረት ላይ ትል መኖር የለበትም።

የድሮ አጥማጅ፦
ሁሉም በሚለቀቅበት ጅረትማ እኔም ይከልከል ባይ ነኝ። አሜሪካ ያለው የሎውስቶን ፓርክ ውስጥም በምግብ ማጥመድ አይፈቀድም፤ መንጠቆውም እሾኽ አልባ ነው (ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የሚይዝ ጥርስ የለውም)። የጠያቂው ጅረት ግን ሁለት ይዞ መሄድ የሚፈቀድበት ነው። እዚያ «ልኩን የሞሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያዝ፣ ከዚያ ዘንግህን ሰብስብ» የሚል ደንብ ይበቃል።

ባለዘንጉ፦
ስብሰባው ላይ ይህንኑ አቀርባለሁ። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ መንጠቆ ላይ ማድረግስ?

የድሮ አጥማጅ፦
እሱን አትከራከርላቸው። ከባልዲው የተረፈውን ሰው ጅረቱ ውስጥ ይደፋዋል፤ ባዕድ ዓሣም በሽታም የሚገባው በዚያ ነው።