ወርድ ፕሮብለምና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የገባው ካለ እባካችሁ

የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። አልጀብራ ላይ ኢኩዌሽኑ ተጽፎ ከተሰጠኝ ኤክስን ማውጣት አያቅተኝም፣ ግን ጥያቄው በጽሁፍ ሲመጣ ታንከር ነው የህዝብ ብዛት ነው ወለድ ነው ምናምን ሲባል ከየት እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። ስታቲስቲክሱ ደግሞ የስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ፎርሙላ ሸመደድኩት እንጂ ለምን ስኩዌር እንደሚደረግ አልገባኝም። ፈተና ደርሷል፣ የገባው ያስረዳኝ በናታችሁ

መልስ 1፦
እህቴ ፎርሙላ ከመፈለግሽ በፊት ለውጡ በመደመርና በመቀነስ ነው ወይስ በማባዛት ብለሽ ጠይቂ። 500 ሊትር የያዘ ታንከር በየደቂቃው 20 ሊትር ቢቀንስ ሊኒየር ነው፣ 500 − 20ቲ፣ በ25 ደቂቃ ባዶ ይሆናል አለቀ። "በየደቂቃው ካለው ላይ 4 ፐርሰንት ይቀንሳል" ካለሽ ግን በየደቂቃው የቀረውን በ0.96 እያባዛሽ ነው የምትሄጂው፣ ኤክስፖኔንሻል ማለት ይሄ ነው። 10 ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው 300 ሊትር ሲቀረው ሁለተኛው 332 አካባቢ አለው፣ በስሌቱ ደግሞ መቼም ዜሮ አይገባም። አሁን ሁለተኛው መቼ ነው ግማሽ የሚሆነው ብትባዪ ቲ ያለው ፓወር ላይ ስለሆነ በሎጋሪዝም ታወርጂዋለሽ፣ 17 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ሎጋሪዝም ለምን እንደምንማረው ለኔ የገባኝ እንዲህ አይነት ጥያቄ ላይ ነው። ደሞ ቫሪያብሉን ከነዩኒቱ ጻፊው፣ "ቲ ማለት ጊዜ በደቂቃ" ብለሽ፣ ጥያቄው በሰዓት ሰጥቶ መልሱን በደቂቃ ሊፈልግ ይችላል

መልስ 2፦
ስኩዌሩን እኔ ልሞክር። 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 7፣ 9 አማካያቸው 5 ነው። እያንዳንዱ ከ5 ምን ያህል እንደራቀ አውጪና ደምሪው፣ ዜሮ ይመጣል፣ ሁሌም ዜሮ ነው ምክንያቱም ከላይና ከታች ያሉት ይጣፋሉ። ስኩዌር ስታደርጊ ኔጌቲቩ ይጠፋል፣ ድምሩ 32፣ ለ8 ስታካፍይው 4፣ ስኩዌር ሩቱ 2። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ 2 አካባቢ ይርቃሉ ማለት ነው። አንዴ በእጅሽ ስሪው፣ ካልኩሌተሩን ከዛ በኋላ

የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ፦
ኧረ ተባረኩ!! ግን አንዳንዴ ለ8 ሳይሆን ለ7 የሚካፈለው ለምንድነው?

መልስ 2፦
8ቱ ሙሉው ዳታ ከሆኑ ለ8፣ ከብዙ ውስጥ የተወሰዱ ሳምፕል ከሆኑ ለ7። የሳምፕሉ አማካይ ከራሱ ከቁጥሮቹ ስለወጣ ለነሱ ቅርብ ይሆናል፣ ስርጭቱ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል፣ ለ7 ማካፈል ያንን ያካክሳል

መልስ 3፦
እኔ የምጨምረው ግራፍ ሳትስዪ ቁጥር ብቻ እንዳታምኚ ነው። አንስኮም የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው በ1973 አራት ዳታዎች አሳይቷል፣ አማካያቸው፣ ቫሪያንሳቸው (ስኩዌር ሩት ከመውሰድሽ በፊት ያለው ቁጥር)፣ ኮሪሌሽናቸው (ኤክስና ዋይ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ)፣ የሪግሬሽን መስመራቸው (ለነጥቦቹ በጣም የሚቀርበው ቀጥታ መስመር) ሳይቀር አንድ አይነት ነው ማለት ይቻላል፣ ሲሳሉ ግን አንዱ ተራ መስመር አካባቢ የተበተነ፣ አንዱ ከርቭ፣ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው በአንድ ኦውትላየር፣ ማለትም ከሌሎቹ ርቆ በወጣ ነጥብ፣ የተጎተቱ። ሪግሬሽን ስትሰሪ መጀመሪያ ነጥቦቹን በወረቀት ላይ አስቀምጪያቸው፣ መስመር ይገባዋል ወይ የሚለውን ከዛ ታይዋለሽ