የቆሰለ ወታደር ወረቀት ከሌለው ሜዳሊያ አይገባውም?

የሜሪላንዱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላቅርብና ተከራከሩበት። ታላቅ ወንድሜ በዲቪ አሜሪካ ከመጣ በሁለተኛ ዓመቱ ሠራዊት ገባ። በፈረንጆቹ 2007 ላይ ኢራቅ ነበር። መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ የነበሩበትን ሃምቪ የሚባለውን የጦር መኪና መታው። ራሱን ሳተ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሲነቃ ጆሮው ይጮሃል፣ ክንዱ ላይ ፍንጣሪ ገብቶ ይደማል። አብሯቸው የነበረው ሜዲክ፣ የጦር ሜዳ ሕክምና ሰጪው ማለት ነው፣ እዚያው አሰረለት፣ በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ማንም ምንም አልጻፈም። አሁን ያ ራስ ምታት አልለቅ ብሎታል፣ በጠላት ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠው ሜዳሊያ፣ ፐርፕል ሃርት፣ ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ። የመጣው መልስ «የህክምና ማስረጃ የለም» የሚል ነው። አብረውት የነበሩት ሰዎች እኮ በህይወት አሉ! የእነሱ ቃል ለምን አይበቃም?

የቀድሞው ሰርጀንት፦
ወንድምህን ከልቤ አከብረዋለሁ። እኔም በዚያው ሠራዊት 11 ዓመት አገልግያለሁ፣ አፍጋኒስታን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ግን አልስማማም። ደንቡ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ቁስሉ ከጠላት የመጣ ይሁን፣ ባለሙያ ማከም የሚያስፈልገው ይሁን፣ መታከሙም ተመዝግቦ ይገኝ። ሦስተኛውን ካነሳህ ሁለቱን በምን ታረጋግጣለህ? ጆን ኬሪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በ2004 የሆነውን አስታውሱ። ቬትናም ላይ ሦስት ፐርፕል ሃርት ያገኘ ሰው ነው፣ ተቃዋሚዎቹ ግን ቁስሉ ትንሽ ነበር እያሉ በጉባኤያቸው ላይ የሜዳሊያው ምስል ያለበት ፕላስተር ለጥፈው ታዩ። ወረቀት እያለው እንዲህ ከተባለ፣ ወረቀት የሌለውማ ምን ይባላል? ሳይቆስል ቆስያለሁ የሚልም ሞልቷል፤ በ2013 የወጣው ሕግ በውሸት ሜዳሊያ ጥቅም የሚያገኝን ሰው የሚቀጣው ለዚህ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ነርሷ፦
ሰርጀንት፣ ያልከው ስለ ክንዱ ከሆነ ይገባኛል። ስለ ጭንቅላቱ ግን አይገባኝም። በ2007 ፈንጂ ያናወጠውን ጭንቅላት ማን ይመዘግብ ነበር? ደም ካልታየ «ውሃ ጠጣና ተኛ» ነበር የሚባለው። በሥራዬ ብዙ የቀድሞ ወታደሮች አጋጥመውኛል፣ ታሪካቸው አንድ ዓይነት ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ፔንታጎን ራሱ፣ በ2011 መስፈርቱን አብራርቷል፤ ራሱን የሳተ ወይም ሐኪም ከ48 ሰዓት በላይ ከሙሉ ሥራ ያገደው ወታደር፣ ቀላል የሚባለው የአንጎል ጉዳት እንኳ ቢሆን ሊሸለም ይችላል ተባለ። ያውም ወደ ኋላ ሄዶ ከመስከረም 2001 ጀምሮ እንዲሠራ ነው የተደረገው። ታዲያ ያኔ ያልነበረ መስፈርት ያኔ እንዴት ተሟልቶ ይመዘገባል?

ሌላም አለ። በጥር 2020 ኢራን ኢራቅ ውስጥ ያለውን አል አሳድ ጦር ሰፈር በሚሳኤል ስትመታ መጀመሪያ የተነገረው ማንም አልተጎዳም ነበር። በኋላ ከ100 በላይ ወታደሮች የአንጎል ጉዳት እንዳለባቸው ታወቀ። መጀመሪያ ሜዳሊያ ያገኙት 29 ብቻ ነበሩ፣ ጋዜጠኞች ጉዳዩን ካወጡት በኋላ በ2021 መጨረሻ ለ39 ተጨማሪ ጸደቀ። ቁስሉ በመሃል አልተለወጠም። የተለወጠው ሰው መጠየቁ ነው።

ዳላስ፦
ይቅርታ፣ ቀጥታ ልጠይቅ። ከ17 ዓመት በላይ ዝም ብሎ አሁን ለምን? ገንዘብ አለበት እንዴ?

ነርሷ፦
በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ የለውም። በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የተሻለ ቅድሚያ ያስገኛል፣ ከ2001 በኋላ ለቆሰለ ደግሞ የትምህርት ድጋፉን ሙሉ ያደርግለታል። የአካል ጉዳት አበል ከሆነ እሱ በሌላ መንገድ ነው የሚጠየቀው፣ ሜዳሊያ አይፈልግም። እንዳውም ብዙ ሰው አበሉን አግኝቶ ሜዳሊያውን ይከለከላል። አንዱ ቢሮ ጉዳቱ ከጦርነት ነው ብሎ እየከፈለ፣ ሌላው አላየሁም ይላል።

የሜሪላንዱ፦
ዳላስ፣ ጥያቄህ አላስከፋኝም። አሁን ለምን ላልከው፣ ልጁ ነው ምክንያቱ። ትምህርት ቤት የቀድሞ ወታደሮች ቀን ሲከበር «አባዬ አንተ ቆስለሃል አይደል፣ ሜዳሊያህ የታለ?» አለው። ወንድሜ ያን ቀን ማታ ምግብ አልበላም።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። አያቴ ኮሪያ ዘምቷል። ቃኘው ሻለቃ 121 ሰው ሞቶበት፣ 536 ቆስሎበት፣ አንድም ሰው ሳይማረክበት ነው የተመለሰው። ይህን ቁጥር የምናውቀው የሚጽፍ ሰው ስለተረፈ ነው። ሰርጀንት፣ ተረቱ እውነት ነው፣ ግን ጸሐፊው ከሞተስ?

በዚያው በኮሪያ ጦርነት በ1951 የቆሰለ የሚኒሶታ ሰው አለ፣ ኧርል ማየር ይባላል። ፍንጣሪው እስከ እርጅናው እግሩ ውስጥ ነበር። ያከመው ሜዲክ ወረቀቱን ሳይሞላ ሳይሞት አልቀረም ነው የተባለው። ሠራዊቱ ማስረጃ የለም እያለ መለሰው፣ ሰውየው እስከ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ሴናተር ገባችበት፣ በ2024 ሜዳሊያውን ሲቀበል 96 ዓመቱ ነበር። 73 ዓመት ሙሉ ማለት ነው! ብረቱ ሥጋው ውስጥ እያለ። ለሱ ምስክሮቹ ሁሉ አልቀውበታል ማለት ይቻላል። የወንድምህ ምስክሮች ግን ስልክ ያነሳሉ። እነሱም እስኪያልቁ መጠበቅ አለበት?

አንዲት ሚስት፦
የኔ ባለቤት አንድ ጭረት የለበትም። ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል፣ ልጆቹን ገበያ ቦታ ይዞ መግባት አይችልም። በ2009 ፔንታጎን የአእምሮ ጭንቀት ለፐርፕል ሃርት አይበቃም ብሎ ወስኗል። እኛ ለመጠየቅ እንኳ በር የለንም። እናንተ ስለ ወረቀት ስትከራከሩ እኔ እቀናለሁ፣ እውነቴን ነው።

የቀድሞው ሰርጀንት፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። እኔም ሌሊት የማልተኛበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

የሜሪላንዱ፣ ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። አንድ ሰው ስለራሱ በሚናገረው ብቻ መሰጠት የለበትም እላለሁ አሁንም። ግን የማየርን ታሪክ አላውቅም ነበር፣ ከበደኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ። «እናስታውሳለን» የሚል ደብዳቤ ብቻ አትላኩ። ፈንጂው ሲፈነዳ በዓይናቸው ያዩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በመሐላ ይፈርሙ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ራሱን መሳቱን ይጻፉ። ሃምቪው ስለተመታበት ቀን የክፍሉን የዕለት መዝገብ ጠይቁ፣ የሱ ስም ባይኖር እንኳ ፍንዳታው ይኖራል። ከሁሉም በላይ ግን ሜዲኩን ፈልጉት። ክንዱን በገዛ እጁ ያሰረው ሰው ቃል የሌላ አሥር ሰው ቃል ይበልጣል። መጀመሪያ ተከለከለ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ መዝገብ እንዲታረም የሚጠየቅበት ቦርድ አለ።

ዳላስ፦
ጥያቄዬ ተመልሶልኛል። ወንድምህን ሰላም በልልኝ።

የሜሪላንዱ፦
አሁን ከወንድሜ ጋር በስልክ ሳነብለት ነበር። ሾፌሩና መትረየስ ተኳሹ እፈርማለሁ ብለውታል ቀድሞውንም። ሜዲኩን ግን ደውሎለት አያውቅም፣ «ያን ቀን ሌላ ልጅ እጁ ላይ ስለሞተበት ማስታወስ ከበደኝ» አለኝ። ቁጥሩ አለው። ቅዳሜ አብሬው ተቀምጬ እንደውላለን።