ባቱ አካባቢ የተራቆተ ግማሽ ሄክታር መሬት፦ አገር በቀል ዛፎችን ለመመለስ ከምን ልጀምር?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባቱ (ዝዋይ) ወጣ ብሎ ከአባቴ የወረስኩት ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት አለኝ። በልጅነቴ ግራር የሞላበት ነበር፤ ግራሩ ለከሰል ተቆርጦ ካለቀ ወዲህ ግን አፈሩን በበጋ ነፋስ፣ በክረምት ጎርፍ ይጠርገዋል። ባለፈው ሐምሌ 200 የግራቪሊያ ችግኞች ተክዬ እስከ ጥር የቆዩት 11 ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱንም ፍየል ጨረሳቸው። ዘንድሮ ግራርና ወይራ ለመትከል አስቤ የግራር ዘር ባፈላም አልበቀለልኝም። ውሃ የማመላልሰው በአህያ ስለሆነ ብዙ ማጠጣት አልችልም።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፦
የግራር ዘር ልባሱ ጠንካራ በመሆኑ ውሃ አያስገባም። ውሃ አፍልተው ከእሳት ካወጡ በኋላ ዘሩን ይጨምሩበትና እዚያው እየቀዘቀዘ እንዲያድር ይተዉት፤ ጠዋት አብጦ ያገኙትን ብቻ ይዝሩ፣ ያላበጠውን ደግሞ እንደገና ይድገሙት። ቀዳዳ ያለውን ዘር ግን ነቀዝ ስለበላው አይድከሙበት። ፍሬውን መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ከመልቀም ይልቅ እንደበሰለ ከዛፉ ላይ መሰብሰብ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ወይራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለመብቀልም ለማደግም ይዘገያል።

ከሁምቦ፣ ወላይታ፦
እኔ ግን ችግኙን ለጊዜው ይርሱት እላለሁ። እኛ ዘንድ በ2006 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር የሚሆን ተራራ ያገገመው በዋናነት በተከላ ሳይሆን ከብት እንዳይገባበት ተከልክሎ፣ የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ በመደረጉ ነው። ጉቶው ከመሬት በታች ቀድሞ የተዘረጋ ሥር ስላለው፣ ከፖሊቲን ከረጢት የወጣ ችግኝ የማይደርስበትን እርጥበት ያገኛል። ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ሦስት ወይም አራት ጠንካሮችን አስቀርተው የቀሩትን በስለታም መቁረጫ ያስወግዱ። በየዓመቱ እየመለሱ ያሳሱት፤ ቅርንጫፉም ለማገዶ ይሆንዎታል።

ሌላ አባል፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አጥር ከሌለ ሁሉም ከንቱ ነው። መጀመሪያ ደረቅ የእሾህ አጥር ይጠሩ፣ ከውስጡ ጎን አጋም ይትከሉ፤ ሲያድግ ደረቁን ይተካዋል፣ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል። (ቁልቋሉን ግን ከአጋሙ ራቅ ያድርጉት፤ ተረቱ እንደሚለው ሲያለቅስ እንዳይኖር።) ጉቶ በሌለበት ባዶ ቦታ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጉድጓድ፣ አፉ ወደ ዳገቱ ዞሮ ጎርፉን እንዲቀበል ይቆፍሩ። መሬቱ በደንብ ሲርስ፣ ማለትም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ክትክታ ይትከሉበት፤ ድርቅ ይችላል፣ ፍየልም ብዙም አይደፍረውም። ወይራውን ከሁለት ዓመት በኋላ በክትክታው ጥላ ሥር ቢያስገቡት ፀሐዩ አይጎዳውም። ዙሪያውን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ በአህያ ከሚመጣው ውሃ ብዙ ያድንልዎታል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ዞሬ 43 ጉቶዎች ቆጠርኩ፤ ግማሾቹ ግን ምንም ቀንበጥ የላቸውም። ሞተው ይሆን?

ከሁምቦ፣ ወላይታ፦
ከግርጌው ትንሽ አፈር ገልጠው ቅርፊቱን በጥፍር ይፋቁት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ፍየል እየለቀመው ይሆናል፣ አጥሩን ይጠብቁና አንድ ክረምት ይስጡት። ደረቅና ቡናማ የሆነውን ለአጥር ማገር ያድርጉት።