ሁለተኛ ልጅ እንፈልጋለን፤ እኔ ግን ያንን ጊዜ እፈራለሁ

ጠያቂ፦
ልጃችን 14 ወር ሞላው። የወለድኩት በቀዶ ሕክምና ነው፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ቅዳሜ ዕለት ባለቤቴ ለልጁ የጠበቡትን ልብሶች እያጣጠፈ ካርቶን ውስጥ ሲከት «ለታናሹ ይሆናሉ» አለ። ክፉ አልተናገረም። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከወሊድ በኋላ ስድስት ወር ያህል በድብርት ታምሜ ነበር። አሁን ተሽሎኛል፤ መድኃኒቱን ግን አላቆምኩም። የሚገርመው ሌላ ልጅ እኔም እፈልጋለሁ። ስንት ጊዜ ብንቆይ ይሻላል? ለእሱስ እንዴት ልንገረው?

አዋላጅ ነርስ፦
እህቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር መቆየትን ይመክራል። በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሴት መቆየቱ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በሁለቱ ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ ከ18 ወር ካነሰ፣ በምጥ ወቅት የማሕፀኑ ጠባሳ የመተርተሩ አደጋ ከፍ ይላል። 34 ዓመት የሚያስሮጥ ዕድሜ አይደለም። 35 ካለፈሽ በኋላ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ያኔ ሐኪም ታማክራላችሁ።

መድኃኒቱን ግን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቋርጪ! «ላረግዝ ነው» ብለው በአንድ ቀን ጥለውት ሕመሙ የተመለሰባቸው እናቶች አጋጥመውኛል። ሐሳቡ ሲመጣ፣ ከማርገዝሽ በፊት፣ ለሐኪምሽ ንገሪ። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚንም በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝናው አስቀድሞ ይጀመራል፤ ቫይታሚኑ የሚረዳው የፅንሱ የነርቭ ቱቦ (አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል) ከፅንሰት በኋላ በአራት ሳምንት ገደማ ስለሚዘጋ፣ የወር አበባሽ መቅረቱን ስታውቂ ጊዜው እየተገባደደ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔም ከመጀመሪያው ወሊድ በኋላ ታምሜ ነበር። አልዋሽሽም፣ በሁለተኛውም ተመለሰብኝ። ልዩነቱ፣ በመጀመሪያው አምስት ወር ደብቄዋለሁ፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ተያዘ። እርጉዝ ሳለሁ ከባለቤቴ ጋር ምልክቶቹን በወረቀት ጽፈን የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን በር ላይ ለጥፈን ነበር፦ ሕፃኑ ተኝቶ እኔ እንቅልፍ ካጣሁ፣ ምግብ ካስጠላኝ፣ «ያለ እኔ ይሻላቸዋል» ካልኩ። የመጨረሻው ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወስደኛል። የመጀመሪያውን ምልክት ያየው እሱ ነው፤ እኔ «ደክሞኝ ነው» እያልኩ ስከራከረው ነበር።

አንድ አባት፦
ቧንቧውን ዝጊና ንገሪው እንጂ! እኛ ወንዶች ሚስታችን ሥራ ከጀመረችና ከሳቀች ሁሉም ነገር አልፏል ብለን እናስባለን። እኔ ራሴ ከልጄ መወለድ በኋላ ወራት ሙሉ ተጨንቄ ለማንም አልተናገርኩም፤ አባትም በድብርት እንደሚታመም ያወቅሁት ቆይቼ ነው። «አልፈልግም» ብለሽ አትጀምሪለት፤ እውነቱም እሱ አይደለም። «እፈልጋለሁ፣ ግን ያንን ጊዜ እፈራለሁ» በዪው። ሌሊት ማን እንደሚነሣም አሁኑኑ ተነጋገሩ።

የአንድ ልጅ እናት፦
ወረቀት መለጠፉ ጥሩ ነው፤ ግን አይቶ የሚደርስልሽ ሰው ከሌለ ምን ይሠራል? እኛ በአንድ ልጅ አቁመናል። ብቻውን ቀረ የሚለን ሰው አይጠፋም፤ ሌሊት መጥቶ የሚያግዘን ግን አላየንም።

ጠያቂ፦
ትናንት ማታ ነገርኩት። ለካ እሱም ያንን ጊዜ ሲያስታውስ ይጨነቅ ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስኪሆን የሁለተኛውን ልጅ ነገር ላንነካው ተስማምተናል። ካርቶኑ አልጋ ሥር ገብቷል። አዋላጇ እህቴ፣ ገና ጡት ስለማጠባ እስከዚያ ድረስ መከላከያ ያስፈልገኛል?

አዋላጅ ነርስ፦
ያስፈልግሻል። ጡት ማጥባት ብቻውን የሚከላከለው ልጁ ከስድስት ወር በታች ሆኖ፣ ጡት ብቻ እየጠባና የወር አበባ ሳይመለስ ነው። ሉፕ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ከወጣ በኋላ ቶሎ ማርገዝ ይቻላል፤ የሦስት ወሩ መርፌ ግን ካቆምሽው በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊያቆይሽ ስለሚችል፣ ይህንን አስበሽ ምረጪ። ስትሄጂ የምትወስጂውን መድኃኒት ስም ይዘሽ ሂጂ።