አስቸኳይ፦ የቤዝ ጊታር ፍሬትቦርድ ጭቅቅት አልለቅ አለ፣ የለቀቀበት ደግሞ ነጣ

የፒያሳው ቤዝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤዙ ጉድ ሆኗል። ፍሬትቦርዱ (ክር የምንጫንበት የአንገቱ እንጨት) ላይ ጥቁር ጭቅቅት ተጋግሮ ጣት ይይዛል፣ በተለይ ከ1ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት፣ ማለትም እንጨቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች። በፍሬቶቹ ጥግ አረንጓዴ ነገርም አለ። ዛሬ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አሸሁት። ግማሹ አልለቀቀም፣ የለቀቀበት ቦታ ደግሞ እንደ በጋ ከንፈር ነጥቶ ሻከረ። 3ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ጥዝዝ ይላል፣ ከቆሻሻው መሰለኝ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ከደሴ ወደ ወልድያ ለሠርግ እንነሳለን። ምን ልቀባው? ቶሎ በሉ።

የሐይቅ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ። ለጋ ቅቤ ቀባውና ተኛ።

አባ ቃኚ፦
ቅቤውን ለፀጉር ተዉት። ቅቤም ሆነ የኑግ ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ሲቆይም ይጣበቃል።

ጠያቂው ያልነገርከን ነገር አለ፦ እንጨቱ ምንድን ነው? ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቫርኒሽ የተቀባ ሜፕል ነው፤ እሱ ዘይት አይጠጣም፣ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል። ቡናማና ደብዛዛ ከሆነ ሮዝውድ፣ ጥቁር ከሆነ ኢቦኒ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ቫርኒሽ የላቸውም።

ጭቅቅት የሚባለው የቆዳ ወዝ፣ የላብ ጨው፣ የሞተ ቆዳና አቧራ ተቦክቶ ነው። ወዙን ውሃ ብቻውን አያነሳውም። ውሃው የሚያደርገው የእንጨቱን ፀጉር ማቆም ነው፤ ሻከረ ያልከው እሱ ነው። አረንጓዴው ደግሞ ሻጋታ አይደለም። ፍሬት የሚሠራበት ኒኬል ሲልቨር ስሙ ነው እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። መዳቡ ላብ ሲነካው እንደ ቆየ የመዳብ ሽቦ ያረነጉዳል።

ባቲ ሜጀር፦
ስትፈገፍግ ትዝታውን አብረህ እንዳትጠርገው። ወልድያ ላይ አንቺ ሆዬ ብቻ ስትጫወት እንዳታድር።

የፒያሳው ቤዝ፦
ቡናማ ነው፣ አያብረቀርቅም። ክሮቹን አላወጣኋቸውም።

ሽቦ በጣሽ፦
ክሩ ሳይወጣ ነው በሳሙና ያጠብከው? ኧረ በአላህ!

በል እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ክሮቹን በመቃኛው አላላቸው፤ ተወጥረው እያሉ እንዳትቆርጥ፣ ዓይን ያጠፋል። አራቱንም አውጣ። ፒክአፖቹን፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ያሉትን ድምፅ የሚቀበሉ ባለ ማግኔት ክፍሎች፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን።

ከዚያ ያረጀ የኤቲኤም ካርድ ያዝ። ጠርዙን አጋድመህ ጭቅቅቱን ከፍሬቱ ጥግ ወደ መሃል ግፋው፣ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ይነሳል። ቢላዋና ምላጭ አይሆንም፣ ሮዝውድ ቶሎ ይጫራል። የቀረውን በላይተር ቤንዚን፣ ማለትም በዚያ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው ፈሳሽ፣ ጨርቅ ነካ አድርገህ ከ3 እስከ 4 ፍሬት እየከፈልክ ጥረግ። ጨርቁ ላይ እንጂ እንጨቱ ላይ እንዳታፈስ። መስኮት ክፈት። ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ወይም ሲጋራ በሚጨስበት ክፍል ፈጽሞ አይሞከርም። ነጭ ጋዝ ምትክ አይሆንም፣ ሽታውና ቅባቱ ይቀራል።

ለጥግ ጥጉ የጥርስ ብሩሽ፣ ለስላሳውን።

ቦርከና፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሎሚ ጭመቅበት። ፈረንጆቹስ ሌመን ኦይል ነው የሚቀቡት።

ሽቦ በጣሽ፦
ጌታው፣ ያ ጠርሙስ አብዛኛው የማዕድን ዘይት ነው፣ የሎሚ ጠረን ገብቶበት። የሎሚ ጭማቂ አሲድ ነው። ፍሬቱን ይበላል፣ እንጨቱንም ያደርቃል።

አይጠየፍ፦
እኔ ጥያቄውን ራሱ አልቀበልም። ማን ነው ቤዝ መታጠብ አለበት ያላችሁ? የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን ክሮቹን እስኪበጠሱ አይቀይርም ነበር ይባላል፤ ያን ሁሉ ዘፈን በዚያ ድምፅ ነው የተጫወተው። ጭቅቅት ድምፅ ያወፍራል። ተወው፣ እንዳለ ይዘኸው ሂድ።

አባ ቃኚ፦
የጀመርሰን ነገር ክር ነው፣ እንጨት አይደለም። ክሮቹም ላ ቤላ የሚባል ኩባንያ የሚሠራቸው ጠፍጣፋ ጥምጥም ያላቸው ነበሩ፤ እነሱ ሲያረጁ ድምፃቸው ይደፍናል፣ እሱም የፈለገው ያንን ነው። ፍሬትቦርድ ላይ የተጋገረ ወዝ ድምፅ አያወፍርም፤ ጣት ይይዛል፣ እርጥበት አቁሮ የፍሬቱን ጠርዝ ያዝገዋል።

አይጠየፍ፦
የለም፣ እኔ ልዩነቱ ይሰማኛል።

ባቲ ሜጀር፦
አይጠየፍ ተብለህ ብትጠየፍ ነው የሚገርመኝ።

ቦርከና፦
ካልሆነ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተጠቀም፣ ወዲያው ያወጣዋል።

ሽቦ በጣሽ፦
እንጨቱንም አብሮ ያወጣዋል። የሚፈቀደው ባለ አራት ዜሮ (0000) የሚባለው እንደ ጥጥ የለሰለሰ የብረት ሱፍ ብቻ ነው። ካገኘህ ወደ ክሩ አቅጣጫ በቀስታ እሸው፤ የቆመው ፀጉርም ይተኛል፣ ፍሬቱም ያበራል፣ አረንጓዴውም ይሄዳል። ፒክአፕ ሸፍን ያልኩህ ለዚህ ነው፤ የሱፉ ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ መልቀም ነው ሥራህ። ዛሬ ማታ ካጣኸው የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀት ግን አታስጠጋ።

መዶሻ፦
ሁሉም ስለ እድፍ ሲያወራ ጥዝዙን ረሳችሁት። እሱ ከቆሻሻ አይደለም። 5ኛ ፍሬት ላይ ስትጫን የሚጮኸው ክሩ 6ኛውን ፍሬት ሲነካ ነው። የባንክ ካርድህን ቀጥ ያለ ጠርዝ በ5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ አቁመው። ከተወዛወዘ መሃለኛው ተነስቷል። ሙቅ ውሃው ፍሬቱ የተተከለበት ቦይ ውስጥ ገብቶ ሊያነሳው ይችላል። በእንጨት ቁራጭ ላይ ቀስ አድርገህ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው፤ ካልተቀመጠ ተወው፣ ከሠርጉ በኋላ ባለሙያ ይየው።

ካርዱ ካልተወዛወዘ አንገቱ ነው። ክር ገጥመህ፣ ቃኝተህ፣ 1ኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት በአንድ ጊዜ ተጫን። 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይፈለጋል፣ እንደ አንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት። ከነካ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ትራስ ሮዱን፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለውን ማቃኛ ዘንግ፣ ከሩብ ዙር በላይ እንዳታዞር፣ ከደሴ ብርድ ወርደህ ሞቅ ያለ ቦታ ስትደርስ አንገቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል።

የሐይቅ ልጅ፦
ከታጠበ በኋላ ፀሐይ ላይ ቢሰጣስ?

መዶሻ፦
ፀሐይም ምድጃም አይሆንም። እንጨቱ ይኮማተራል፣ ሙጫው ይላላል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ጥላ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተወው።

የፒያሳው ቤዝ፦
እሺ፣ ወዙ ለቀቀ። አሁን ነጭ የሆነውን ምን ልቀባው? ቤት ውስጥ ቫዝሊንና ግሊሰሪን አለ።

አባ ቃኚ፦
ሁለቱም አይሆኑም። ቫዝሊን ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል። ግሊሰሪን እርጥበት ከአየር ይስባል፣ እንደ ማር ይጣበቃል። ፋርማሲ ሄደህ ፈሳሽ ፓራፊን በል።

ባቲ ሜጀር፦
ለሆድ ድርቀት የሚሰጠውን? ፋርማሲስቱ “ለማን ነው?” ሲልህ “ለጊታሬ” በለው፣ ሁለት ቀን ሆነው በል።

አባ ቃኚ፦
ሳቁ፣ ግን እሱው ነው። ንጹህ የማዕድን ዘይት ነው፣ አይሻግትም። ከጠፋ ቤቢ ኦይል ያው እሱ ነው ሽቶ ተጨምሮበት። መጠኑ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፦ ለ20 ፍሬት ቤዝ ከ10 እስከ 15 ጠብታ፣ ጨርቅ ላይ። ሙሉውን ቀባ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጨርቁ ቅባት ማውጣት እስኪያቆም ጥረግ። የተረፈ ዘይት የሚቀጥለው ጭቅቅት እርሾ ነው። በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል፤ እንጨት አይራብም፣ ዘይቱ የሚያደርገው ውሃና ላብ ቶሎ እንዳይገባ መከልከል ነው።

የፒያሳው ቤዝ፦
ፋርማሲው ተዘግቷል፣ ቤቢ ኦይል አገኘሁ። እየጠቆረ ነው፣ ሸጋ ሆነ! ክሮቹ ግን ሞተዋል፣ አዲስ የለኝም።

ሽቦ በጣሽ፦
ቤዝ ክር ይቀቀላል። ጠቅልለህ ንጹህ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አፍላው፣ አውጥተህ እያንዳንዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ጫፉ ላይ ያለው የሐር ጥምጥም ጭምር በደንብ እስኪደርቅ አትግጠም። ውስጡ የገባው ወዝ ይወጣል፣ ብሩህነቱ ለጥቂት ቀን ይመለሳል። ለአንድ ሠርግ ይበቃሃል። ደጋግመህ ካደረግከው ግን ክሩ ይዝጋል።

ባቲ ሜጀር፦
በየትኛው ድስት? የእናትህን የወጥ ድስት እንዳትነካ ብቻ።

የፒያሳው ቤዝ፦
አሁን ነው የነገራችሁኝ?

መዶሻ፦
6ኛው ፍሬትስ? ካርዱ ተወዛወዘ ወይስ አልተወዛወዘም?

መዶሻ፦
ወንድም፣ ሠርጉ እንኳ አለፈ። 6ኛው ፍሬት?