የሉቅያ መንገድ፦ ዕቃ አድራሽ እንያዝ ወይስ ራሳችን እንሸከም?

ሚሚ፦ ሰላም ወገኖች። ለሚያዝያ እኔና ጓደኛዬ ቱርክ የሉቅያን መንገድ በእግር ልንሞክር ነው። ከፈቲዬ አጠገብ ተነስቶ ባሕሩን ይዞ እስከ አንታሊያ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያለን 6 ቀን ብቻ ነው። ሻንጣ ከፔንሲዮን (ከትንሽ የቤተሰብ ማረፊያ) ፔንሲዮን የሚያደርስ ድርጅት እንያዝ? የሞከራችሁ?

ናፍቆት፦ ኧረ እንዳትሞክሪው! እኔ ከፍዬ ሻንጣዬ ሌላ መንደር ገባ። ሁለት ሌሊት በአንድ ቲሸርት! ስደውል «መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። ከእኔ በላይ አገር ያየው ሻንጣዬ ነው።

አሞራው፦ ማን ናቸው? ስም ጥሪያ።

ናፍቆት፦ ግማሹን ብር መልሰዋል፣ ይቅር። ግን ጃኬቴ ረጥቦ ነው የመጣው።

ቦጋለ፦ አንታሊያ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት የሚያበላ ሆቴል ሞልቷል። ምን አለፋሽ?

አሞራው፦ ወንድሜ፣ ስለ እግር መንገድ ነው የጠየቀችው። ቡፌው ጋ ስትደርስ ትደውልልሃለች።

ትርሲት፦ መንገዱ ላይ ካባክ መንደር የማርፍባት ፔንሲዮን ባለቤቷ ራሷ ዕቃ ታደርሳለች። ከእሷ ሌላ ጋ አትረፉ።

ናፍቆት፦ ሌላ ጋ አድረሽ ታውቂያለሽ?

ትርሲት፦ ለምን ብዬ?

ማሚቴ፦ ጥንታዊቷን ከተማ ሙራን ሳታዩ እንዳትመለሱ። የሐዋርያት ሥራ 27 ላይ ጳውሎስ በመርከብ የደረሰባት ናት። የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው፣ ዛሬ ደምሬ በምትባለው ከተማ ነው።

ጋሼ፦ ሚሚ ልጄ፣ ሙራ በ6 ቀን በእግር አይደረስም፣ በሚኒባስ ካልሆነ። ፈቲዬ አጠገብ ካለችው ከኦቫጂክ ተነሱ። ፋራሊያ፣ ካባክ፣ አሊንጃ፣ ከዚያ ወደ ሌቶን፣ ጥንታዊው ፍርስራሽ። ከሌቶን ወዲያ ያለው ሜዳ የቲማቲም ግሪንሃውስ ነው፣ እሱን በሚኒባስ እለፉትና ፓታራ አሸዋው ላይ እረፉ። ድንጋይ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ተከተሉ። ቀይ የመስቀል ምልክት ካያችሁ ስታችኋል፣ ተመለሱ። የማብሰያ ጋዝ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ፈቲዬ ግዙ። ውኃ ከመንደር ስትወጡ ሙሉ፣ የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ አይታመንም። ፔንሲዮን ካደራችሁ ድንኳን አያስፈልግም። ያኔ ቦርሳው ከ8 ኪሎ አይበልጥም፣ አድራሽ ምን ያደርጋል?

ናፍቆት፦ ይኸው! ብዬ ነበር።

ትርሲት፦ ካባክ ግን የእኔዋ ጋ እደሩ።

ሚሚ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም ተባረኩ። ለጫማስ ቁርጭምጭሚት የሚይዘው ይሻላል ወይስ አጭሩ?

ቦጋለ፦ ሆቴሉ ውስጥ ነጠላ ጫማ ይበቃል።